አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ

ሴት አያቴ ከሞተች በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቴሌቪዥኑ ሥር በተቀመጠው ዲኮደር ውስጥ ነበረች። ይህን የሚያውቀው ወንድ አያቴ ብቻ ነበር። ዲኮደሩን ባዶ አድርጌ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ በካርቶን አሽጌ ለኬብል ኩባንያው እንዲመለስ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ያን ዕለት የተሰማኝን ያህል ደስታ ከዚያ ወዲህ የተሰማኝ አይመስለኝም።

እንደማንኛውም የከተማችን የባላራት ልጅ አያቶቼን ናን እና ፖፕ እያልኩ ነው ያደግሁት። ናን ኤስሜ ትባላለች፣ ፖፕ ክላሪ። ናን የሞተችው በሜይ ወር መጨረሻ፣ በእኛ አገር ክረምት ሊገባ ሲል፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውርጭ የዳሊያ አበባዎቿን ቅጠል አጥቁሮት ነበርና ሥሮቻቸውን ከመሬት ልታወጣ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እዚያው ልቧ ቆመ። ፖፕ ምን አስቆያት ብሎ ሲወጣ አካፋው መሬቱ ላይ እንደተሰካ ነው፣ እሷ አጠገቡ ወድቃለች። እኔና እናቴ ያን ጊዜ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃችንን ጠቅልለን ፖፕ ቤት ገባን። እናቴ ብቻውን እንዲሆን ስላልፈለገች ነው። ፖፕ ግን ለጎረቤቱ፣ ሁለት ሴቶች ከነድመታቸው ወረሩኝ እያለ ነበር የሚያወራው። ድመት አልነበረንም።

ፖፕ ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ጥገና ሥራ ነው። ከዚያ የተረፈው አንድ አመል ነበር፤ ለማንኛውም ነገር ቀን ይጽፍበታል። የማርማላታ ብርጭቆ በለው፣ የቀለም ቆርቆሮ በለው፣ አምፖል እንኳ ሳይቀር፣ በጥቁር ማርከር ቀን ካልተጻፈበት መደርደሪያ ላይ አይወጣም። አንዴ በልደቴ ቀን ግንባሬ ላይ ሊጽፍብኝ ማርከር ይዞ ሳሎኑን ዙሪያውን አባሮኛል። ያ ግን ናን በሕይወት ሳለች ነው።

ምስሉ መበላሸት የጀመረው እኛ በገባን ሰሞን ነው፤ ወይም እኔ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚመጣው በመንገዳችን ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ አሮጌ ኬብል ነበር። መጀመሪያ የሰዎቹ ፊት ደብዘዝ አለ። ከዚያ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ትንንሽ ካሬዎች ከየት መጡ ሳይባል ይፈሉና የአንዱን አፍ፣ የሌላውን ግማሽ ጭንቅላት ይሸፍኑታል፤ ድምፁም ይንተባተባል። የእኛ አገር ኳስ የእንቁላል ቅርጽ አላት፤ በዚያ ቴሌቪዥን ግን ጡብ ሆነች። መጀመሪያ አካባቢ ፖፕ ይቀልድበት ነበር። ተጫዋቾቹ ከወገባቸው በላይ ካሬ ሲሆኑ ጉልበታቸውን እያየን ማን እንደሆኑ እንወራረዳለን። ይቺን ሸፋፋ እግር የትም ባያት አውቃታለሁ ይለኛል፤ ካሬዎቹ ሲገፈፉ ሰውዬው ዳኛው ሆኖ ይገኛል።

እየቆየ ግን ቀልዱ ጠፋ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ጢሙን መላጨት ሲረሳ እናቴ ታስታውሰዋለች። ሰው ስልክ ደውሎ እንዴት ሰነበትክ ሲለው መልሱ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ ይሄ ምስል አስቸገረኝ፣ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ነው። የናንን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ስለ ኬብሉ ግን ሳያወራ የዋለበት ቀን አልነበረም። እኔም ነገሩን በልጅ ጭንቅላቴ ደመርኩት። ምስሉ ሲበላሽ ፖፕ አዘነ። ስለዚህ ምስሉ ቢጠራ ፖፕ ይድናል። ያን ክረምት ማታ ማታ የምጸልየው ስለ ኬብል ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከሁሉ የባሰው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፖፕ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሹራብ ለብሶ፣ ሻዩን ይዞ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሪሞቱ የሚቀመጠው ናን ትቀመጥበት በነበረው በኩል፣ የሶፋው ክንድ ላይ ነው። ናን መነጽሯን መፈለግ ስለሚታክታት የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጋበታለች። ፖፕ ሪሞቱን አንስቶ የአትክልት ፕሮግራም ይከፍታል። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ረጅም ሰውዬ ስለ ዳሊያ ያወራል። ፖፕ በሕይወቱ ችግኝ ነክቶ አያውቅም፤ ያን ሰውዬ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ነው የሚያየው። እኔ ከጎኑ ብስኩቴን እየበላሁ አብሬው አያለሁ። ሰውዬው ስለ አፈር ያወራል፣ ስለ ቀንድ አውጣ ያወራል፣ ከዚያ አካፋ አንስቶ ውርጭ የመታውን ዳሊያ ከመሬት ማውጣት ግድ መሆኑን ሲናገር ካሬዎቹ ይመጣሉ። መጀመሪያ አፉን፣ ቀጥሎ ዓይኖቹን ይበሉታል፤ አካፋውን የያዘው እጅ ብቻ ይቀራል። ልክ ያን ጊዜ ፖፕ ቀዩን ነጥብ ይጫናል። ሰውዬው ደርቆ ይቀራል። ፖፕ ለትንሽ ጊዜ ያየውና ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ስኒውን ሊያጥብ ይሄዳል።

በየቅዳሜው እንዲሁ ነው፤ ያው ሰውዬ፣ ያው ዳሊያ፣ ያው ካሬ፣ እዚያው ቦታ። በሰዓቴ ይዤዋለሁ፤ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር። ጣቢያዎቹ ፕሮግራሙን ሊልኩልን ይሞክራሉ፣ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ኬብሉ ይበጠስባቸዋል፣ እነሱም ተስፋ ሳይቆርጡ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ፖፕ ደግሞ ተበሳጭቶ ያጠፋዋል። ምስኪን፣ አንድ ቀን እንኳ መጨረሻውን ሳያይ እል ነበር።

አሁን ሳስበው እንዴት አልገባኝም እላለሁ። ኬብል ሲበላሽ እንዳሻው ነው የሚበላሸው፤ በየሳምንቱ ያንኑ አፍ መርጦ አይበላም። ፖፕ የሚያየው ናን ከመሞቷ በፊት በነበረው ምሽት የተቀዳውን አንድ ፕሮግራም ነበር። የዚያ ምሽት ጉድለትም አብሮ ተቀድቷል። ናን በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከፍታ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ድረስ አየችውና አቆመችው። ዲኮደሩም ያቆመችበትን ቦታ ያዘላት።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው፣ የዲኮደሩ ቀይ መብራት በራሱ ይበራል፤ ውስጡም ዝዝዝ ይላል። እራት ላይ ከሆንን ፖፕ ሹካውን አስቀምጦ ያያል። መጀመሪያ ቀን ሊቃጠል መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ፖፕ ግን ተረጋግቶ፣ ተዪው፣ ሥራውን ነው የሚሠራው አለኝ። ሥራው ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ናን የአትክልቱ ፕሮግራም በየሳምንቱ እንዲቀዳላት ካዘዘች ዓመታት አልፈዋል፤ ዲኮደሩ ደግሞ መሞቷን የነገረው አልነበረም። ሳምንት ሳይዘል ይቀዳላት ነበር።

በጸደይ የኬብሉ ቴክኒሻን ዴንዚል መጣ። ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ዴንዚል ኳስ ክለቡ ውስጥ ከፖፕ ጋር ይተዋወቃል፤ ግዙፍ፣ ቀይ አንገት ያለው፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ሰው ነበር። ውጭ መሰላል ላይ ወጥቶ ኬብሉን ሲያይ ቆይቶ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የማያገባኝን እሰማለሁ።

"ኬብሉ ውኃ ገብቶበታል፣ ክላሪ" አለ። "ኩባንያው ደግሞ ለዚህ መንገድ ከአሁን በኋላ አንዲት ሽቦ አያወጣም። ዲኮደሩን ብቀይርልህ ግን ትንሽ ሻል ይልልሃል።"

"ውስጡ ያለውስ?"

"ውስጡ ያለው ይጠፋል። ወደ አዲሱ የሚዛወር ነገር የለም።"

"እንግዲያው ተወው።"

"ምስሉ እኮ በዚሁ ነው የሚቀጥለው።"

"ይቀጥል። ለምጄዋለሁ።"

ከዚያ ፖፕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ፤ እኔ የሰማሁት የውኃ ማፍያውን ፉጨት ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አወራ። በመጨረሻ ዴንዚል ጫማውን አድርጎ ሲወጣ የዕቃ ቦርሳውን ዚፕ እንኳ አልከፈተውም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ጉንፋን የያዘው መሰለኝ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ያ ሰነፍ ሰውዬ ሻይ ጠጥቶ ሳይሠራ ሄደ ብዬ ከሰስኩት። በልጅነቴ የዴንዚልን ስም ስጠራ አፌን ይመረኝ ነበር።

ኤፕሪል ሲገባ፣ የበጋው ሰዓት አቆጣጠር አብቅቶ ሰዓት የሚመለስበት እሑድ ደረሰ። በእኛ አገር ያን ቀን ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ ከመለስክ በኋላ የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወሉን ባትሪ ድንጋይ መቀየር የቆየ ልማድ ነው፤ የእሳት አደጋ ሰዎች በየዓመቱ ያስታውሳሉ። ፖፕ ግን በደወሉ አይቆምም። የቤቱን ባትሪ ድንጋይ ሁሉ፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የእጅ ባትሪውን፣ የእኔን መጫወቻ ሳይቀር ይቀይራል፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይም ቀኑን ይጽፋል። ያን እሑድ እኔ እያቀበልኩት ከሁሉ አስቀድሞ የሪሞቱን ቀየረ። እየሠራ ያለውን ለምን ትቀይረዋለህ ስለው፣ እስኪሞት መጠበቅ ጥሩ አይደለም አለኝ። ቀዩን ነጥብ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና ቦታው መለሰው።

በሜይ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ኬብሉ በመንገዳችን ላይ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል፤ ደንበኞች ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ማየት ቢጀምሩ ይመከራል ይላል። እናቴ ሌአን ደብዳቤውን ይዛ ኩሽና ውስጥ ፖፕን ያዘችው። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቤት ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚታየው፣ ምስሉ እንደ መስኮት ነው ብዬ ለሳምንታት የነዘነዝኳት እኔ ነበርኩ።

"አባዬ፣ ለካሬ እኮ ነው የምትከፍለው" አለችው።

"ካሬዎቹን ለምጃቸዋለሁ።"

"ለምን ትለምዳለህ? የተሻለ ነገር እያለ ምን አስገደደህ?"

"ሌአን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አለ አይደል? እነሱ እስኪያጠፉት ይቆይ። እኔ አላጠፋውም።"

ይህን ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። የደረቁት ዳሊያዎች አጠገብ ቆሞ በመስኮት አየሁት። እናቴ ደብዳቤውን እያጠፈች፣ እርጅና ሲመጣ ግትርነትን ይዞ ነው የሚመጣው አለች። እኔም ነገሩ ግትርነት መሰለኝ። ለራሱ የሚበጀውን የማያውቅ ሰው፣ ሌላ ሰው ሊያውቅለት ይገባል ብዬ ወሰንኩ።

በጁን ፖፕ የቡአ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሆስፒታል ገባ፤ ሁለት ሌሊት ነው የሚቆየው። እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ በራ። ሳያውቅ ቀይረነው እናስደንቀው አለች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝ፣ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር ገዝታ መጣች፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካናት፣ የይለፍ ቃል አስገባን፣ በቃ። ዜና አንባቢዋ አፍንጫዋ ላይ ነጠብጣብ እንዳለባት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እኔና እናቴ ሶፋው ላይ ቆመን ጨፈርን።

ዲኮደሩ ግን መመለስ ነበረበት። ደብዳቤው፣ ዲኮደሩን ከመመለስዎ በፊት ውስጡ ያለውን በሙሉ ያጥፉ ይላል። እናቴ ስልክ ላይ ስለነበረች፣ እንደ ደብዳቤው አድርጊ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። የተቀዱት ዝርዝር ወጣ፤ ያው የአትክልት ፕሮግራም በላይ በላዩ፣ ከሃምሳ በላይ፣ ሁሉም ያልታዩ። ከታች አንዱ ብቻ ግማሽ መስመር ቀለም ገብቶበታል። ያቺን ግማሽ መስመር አይቻታለሁ። ምስኪን ፖፕ፣ አንዱን እንኳ መጨረስ አልቻለም ብዬ አዘንኩለት። ከዚያ በእርግጥ ሁሉንም ማጥፋት ይፈልጋሉ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እስከ ዛሬ ማሽን እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ ይቆማል።

በማግስቱ እናቴ ካርቶኑን ይዛ ኩባንያው ቢሮ አደረሰችው። እኔ ቤት ቀርቼ አንድ ነገር ስፈልግ ዋልኩ፤ አገኘሁትም። ባለ አረንጓዴ ሹራቡ ሰውዬ ኢንተርኔቱ ውስጥ ነበር፣ የባለፈው ዓመት ዳሊያ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ፖፕ ቅዳሜ ወጣ። እናቴ ደግፋ አስገባችው፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። ቴሌቪዥኑን አንሶላ አልብሼው ነበር። ዓይንህን ጨፍን ስለው፣ ከጨፈንኩ ወድቄ እንደገና ይሰፉኛል አለ፤ በስንት ጊዜው ቀለደ ብዬ ደስ አለኝ። ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። አንሶላውን ገፈፍኩት።

ሰውዬው ብቅ አለ፤ የሹራቡ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ፖፕ መጀመሪያ ፈገግ አለ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከኢንተርኔት ነው። ያው ነው ፖፕ፣ ግን እስከ መጨረሻው አለ።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሄደ። ስፌቱ ያመመው መሰለኝ። ሰውዬው ስለ አፈር አወራ፣ ስለ ቀንድ አውጣ አወራ። የፖፕ እጅ ወደ ሶፋው ክንድ ሄደ። አሮጌው ሪሞት እዚያው ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ መክተቱን ረስተነዋል። ሰውዬው አካፋውን ሲያነሳ ፖፕ ቀዩን ነጥብ ተጫነ። ምስሉ አልቆመም። ደግሞ ተጫነው። የሚታዘዝለት ዲኮደር ቤት ውስጥ አልነበረም። ካሬዎቹም አልመጡም። ሰውዬው በሙሉ አፉ ንግግሩን ቀጠለ።

"ግን አትቸኩሉ" አለ። "ቅጠሉ ጠቆረ ማለት ሥሩ ሞተ ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንት መሬት ውስጥ ቢቆይ እንዲያውም ይጠነክራል። ዛሬ በዚህ ብርድ መውጣት የለባችሁም።"

ፖፕ ወደኋላ መልሺልኝ አለኝ። መለስኩለት። ሰውዬው እንደገና አትቸኩሉ አለ።

"ለካ አያስቸኩልም ነበር" አለ ፖፕ።

"አዎ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል ነው ያለው" አልኩት፤ በደንብ ያልሰማ መስሎኝ ነው።

እናቴ ከኋላችን ቆማ ነበር። እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ናን ያን ዕለት ለምን ወደ ጓሮ እንደወጣች እሷ ያን ጊዜ ገብቷታል። ስለ ዲኮደሩ ግን አልገባትም። ፖፕ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየ። አቧራው ላይ የዲኮደሩ አራት ማዕዘን ተስሎ ቀርቷል።

"ዲኮደሩስ?"

"መልሰነዋል" አልኩት። "ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላገዘኝም።"

አየኝ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያን አተያይ አልረሳሁትም። ጥርሴ የጎደለ፣ ሥራዬን ሠርቼ ምስጋና የምጠብቅ ልጅ ፊቱ ቆሜያለሁ። ከባድ እጁን አንስቶ ጭንቅላቴ ላይ አኖረው።

"ጎበዝ ልጅ" አለኝ።

ሪሞቱን የሌሊት ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ኩባንያው ሪሞቱ ጎድሏል ብሎ ሲደውል እናቴ ሶፋውን ገልብጣ ፈለገችው። ፖፕ፣ የት አባቱ እንደገባ አላየሁትም አለ። ፖፕ ሲዋሽ አይቼ ስለማላውቅ አመንኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምስሉ አማሮ አያውቅም። ሰው ሲደውል፣ ደህና ነኝ፣ ምስሉ አሁን ጥሩ ነው ይላል። እኔም ለዓመታት ፖፕን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ትምህርት ቤት ድርሰት ሁሉ ጽፌበታለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አይቀመጥም፤ ጓሮ ይወጣል። ዓርብ ምሽት ደግሞ እራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ ወደዚያ ባዶ ቦታ ያያል። ለምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም።

ፖፕ ዘንድሮ በሜይ ሞተ። ከቀብሩ መልስ ክለቡ አዳራሽ ውስጥ ሻይና ሳንድዊች ቀረበ፤ እኔ የላሚንግተን ኬክ ሳህን ይዤ በሰው መካከል አዞራለሁ። አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ሁለት አነሳና ስሜን ጠራኝ። ዴንዚል ነበር። ጡረታ ወጥቷል፣ አንገቱ አሁንም ቀይ ነው። በልጅነትሽ በጣም ትገላምጪኝ ነበር አለኝ። ሳትሠራ ሻይ ጠጥተህ ስለሄድክ ነው አልኩት፤ ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ተወና ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ያልሰማሁትን ነገረኝ።

"ናንሽ ፕሮግራሙን አቁማ ስትወጣ፣ 'ክላሪ፣ እኔ ሳልመለስ እንዳታሳልፈው' ብላው ነበር። 'አላሳልፈውም' አላት። እኔን ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ 'እዚያች ቦታ ላይ እስካለ ድረስ፣ ገና አልጨረሰችም ማለት ነው።' ታዲያ ምን ብዬ ልቀይረው?"

ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ዴንዚል አልገባውም፤ ወሬውን ቀጠለ። ያኔ የተመለሱትን ዲኮደሮች ኩባንያው ምንም እንዳላደረገባቸው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲጥሏቸው እንደነበር ነገረኝ። አንዳንዱ ሰው ሳይመልስ ቀረ፣ የጠየቀውም አልነበረም አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልለው ፈለግሁ። ሳህኑን መልሼ አንስቼ ማዞሬን ቀጠልኩ።

ቤት ገብቼ ባለ አረንጓዴ ሹራቡን ሰውዬ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። እሱም የለም፤ ያ ፕሮግራም ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከዚያ የፖፕን ክፍል ማጽዳት ጀመርኩ። እናቴ አልቻለችም፣ ለእኔ ትታልኛለች። የአልጋው ራስጌ መሳቢያ ውስጥ፣ የንባብ መነጽሩና የናን የሠርግ ፎቶ ሥር፣ በንጹሕ መሀረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሪሞቱ ነው። ቀዩ ነጥብ ከመነካት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል።

ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፤ የኋላ ክዳኑን በጥፍሬ ገፋሁት። ሁለቱ ባትሪ ድንጋዮች አዲስ ነበሩ። በሁለቱም ላይ በጥቁር ማርከር፣ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሕፈት ቀን ተጽፎባቸዋል። የዘንድሮ ኤፕሪል ነው፣ ሰዓት የተመለሰበት እሑድ።